ወገራ ድረስ የሄድኩለት ስም

ካልሲዬን ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፤ አሁንም የገብስ ገለባ ይወጋኛል። ትዝታው ሳይበርድብኝ ልጻፈው። ወገራን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ፣ በተለይ ደግሞ ጉልበቷ የበረንዳውን ደረጃ እንኳ እምቢ ላላት ለእናቴ ነው የምጽፈው።

የሄድኩት ለጉብኝት አይደለም። እናቴ ልካኝ ነው። አባቴ ማለደ ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት አትክልተኛ ነበር። የተወለደው ጎንደር፣ ወገራ ነው፤ በጉብዝናው ወጥቶ በዚያው ቀረ። አበባ ሲያጠጣ፣ አጥር ሲከረክም፣ እሑድ ጠዋት ጫማውን ሲወለውል አንዲት ዘፈን ያንጎራጉር ነበር፤

ፀሐይ ብትከርር፣ ቀኑ ቢረዝም፣
አንድ ስም አለልኝ፣ ድካም አላውቅም፤
ልጥራው ያንን ስም፣ ልጥራው…

እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ጉሮሮውን ይጠርግና የውኃውን ጎማ ወደ ሌላው መደብ ያዞራል። አንድ ቀን ወይም አንድ ሰሞን አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ነበር። እናቴ ይርጋለም ያደገች ናት፤ ጎንደርን የምታውቀው በእሱ አፍ ብቻ ነው። ስሙ የማን እንደሆነ ስትጠይቀው "ኧረ ተይኝ እስቲ" ይላታል። እሷም ትተወዋለች፤ ግን አትረሳውም።

ሙት ዓመቱን ካወጣን በኋላ አንድ ቀን፣ በረንዳው ላይ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች፣ "ሴት ናት" አለችኝ።

"ማን?"

"እዚያ ትቷት የመጣ ሴት። ስሟን ፊቴ መጥራት አፍሮ ነው የዋጠው። ሂጂና ስሟን አምጪልኝ። ልጣላት አይደለም። በሕይወት ካለች ሰላም በይልኝ።"

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ጥያቄ ሳይመለስ ሰሌዳ ሲጠፋ አልወድም። የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ፈንቴ አሁንም ወገራ ናቸው፤ ደውዬ ስጠይቃቸው ሳቁና፣ "መጥተሽ ስሚያ! እህሉ ተወቅቶ ሳያልቅ ድረሽ" አሉኝ። ከገና በኋላ ፈቃድ ወስጄ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በመኪና፣ ከዚያ በአውሮፕላን። የጎንደሩ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አዘዞ፣ ስወርድ የአያ ፈንቴ ልጅ ብርቱካን ባጃጅ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። ነርስ ናት፤ ፀዳ አዲስ ሠፈር ውስጥ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ተገናኝተን አናውቅም፤ ግን ከሕዝቡ መሀል ለይታ አቀፈችኝ። "በአፍንጫሽ ነው ያወቅሁሽ፤ የአባቴን አፍንጫ ይዘሽ እንዴት ልሳሳት?" አለች።

ሐዋሳ ውስጥ ሰው መንገድ ሲያሳይህ "ቀጥ ብለህ ሂድ" ይልሃል። ጎንደር "ውጣ" እና "ውረድ" ነው። ብርቱካን ቤት ለመድረስ ሁለቱንም አደረግን፤ የመጨረሻውን ዳገት ባጃጁ እምቢ ብሎ ሻንጣዬን እየገፋን ወጣነው። እራት ላይ ስስ ጃኬቴን ዳሰሰችና፣ "ይሄን ይዘሽ ነው ወገራ የምትሄጅው?" ብላ የባሏን ጋቢ ከትከሻው ላይ ገፍፋ አለበሰችኝ። ሰውየው ተነሥቶ ሹራብ ፈለገ። ጋቢውን እስከምመለስ አላወለቅሁትም።

ሁለተኛው ቀን

ብርቱካን እስከ ከሰዓት ሥራ ስለነበረች ከተማውን ብቻዬን ዞርኩ። ስለ ፋሲል ግንብ አትጠይቁኝ፤ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ጫማዬ ውስጥ የገባ ጠጠር አውጥቻለሁ። የማወራችሁ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ስላየኋት ቲማቲም ሻጭ ነው። ውስጥ ካህናቱ ለጥምቀት ይለማመዳሉ፤ ከበሮው በዝግታ ይመታል፣ መቋሚያው ይወዛወዛል። ሴትዮዋ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ከገዢ ጋር ትከራከራለች። ግን ቲማቲሙን ሚዛኑ ላይ የምታስቀምጠው በከበሮው ምት ነበር። ከበሮው ሲዘገይ እጇ አየር ላይ ይጠብቃል። እየሰማች እንደሆነ የምታውቅ አይመስለኝም። አባቴም ውኃ ሲያጠጣ እንዲሁ ነበር፤ "እስቲ ዝፈንልን" ብንለው "እኔ መቼ እዘፍናለሁ?" ብሎ ይቆጣል። የምንሰማው ማን እንደሰማው ሳያስብ ሲቀር ብቻ ነበር።

ከሰዓት ብርቱካን አንድ ጠጅ ቤት ወሰደችኝ። "የወገራን ዜማ የሚያውቅ አዝማሪ አለ" ብላ ነው። ማሲንቆውን ታቅፎ የመጣው ፈገግታው ከፊቱ የሚሰፋ ጎልማሳ ነው። ዘፈኑን እስከማውቀው ድረስ አንጎራጎርኩለት።

"ይሄማ የታወቀ ነው!" አለ። ጭራውን አንዴ ሳብ አድርጎ ሳያመነታ ቀጠለው፤

ልጥራው ያንን ስም፣ የሺ የሺመቤት፣
ልቡን አስቀምጦ የሄደበት ቤት።

እናቴ እውነቷን ነው ማለት ነው። የሺመቤት። ስሙም የሚያምር ሆነብኝ። በስልኬ ቀድቼው ነበር፤ ለእናቴ ሳሰማት ታየኝ፤ ሽንኩርቱን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ።

"ስሙን ከየት አወቅኸው?" አልኩት።

"ድሮም እንዲህ ነው የሚባል፣ እህቴ።"

ብርዙን ሳልጨርስ እሱ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄዷል። እዚያ አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል፤ አዝማሪው ስሟን ጠየቀ፤ ያንኑ ዜማ፣ ያንኑ ስንኝ፣ የሺመቤትን በአልማዝ ተክቶ ዘፈነው። ብርቱካን ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች። እኔ ግማሽ ልቤ ብቻ ነው የሳቀው። የሺመቤት ውሸት ትሁን እሺ። ግን እዚያ ቦታ ላይ የሚጠራው የሴት ስም መሆኑን አዝማሪውም እናቴም፣ ጠጅ ቤቱ በሙሉ አልተጠራጠረም።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት መናኸሪያ። ሰው ሁሉ "መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው?" ይባባላል፤ ክፍት ነው ተባለና ተሳፈርን። ሐዋሳ ላይ የምንጠይቀው "ቦታ አለ?" ብለን ብቻ ነው፤ ለካ ይህም ጸጋ ነው።

ኮሶዬ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ መፍቻውን ጎንደር እንደረሳው ገባውና ሌላ መኪና እስኪያልፍ ወርደን ቆምን። መንገዱ ዳር ምድር ያልቅና ከታች ቆላው ይጀምራል። ተራራው በተራራ ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የት ላይ ሰማይ እንደሚሆን አይታወቅም። ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩ፣ ቀረጽኩ። ከኔ ጎን ዶሮ ታቅፈው የቆሙ እናት ታዘቡኝ።

"ምነው ልጄ፣ ገደሉን ነው የምታነሽው? እኛን አንሽን እንጅ! እሱማ የትም አይሄድ።"

ተሳፋሪው ሁሉ ለገደሉ ጀርባውን ሰጥቶ ተሰለፈ። ዶሮዋም ቀና ብላ ታየች። ሳነሳቸው አባቴ ትዝ አለኝ። እሑድ እሑድ ሐይቁን ሊያሳየን ይወስደናል፤ እኛ ወደ ውኃው ስናይ እሱ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ወደ ታቦር ተራራ ዞሮ ይቀመጣል። "ምን ታያለህ?" ስንለው "ምንም፤ ከፍታ ነው" ይላል። እኛ አሣ እንበላለን፣ እሱ ያያል። እኔ ያኔ ሐይቁን የማይወድ ሰው ይመስለኝ ነበር። ኮሶዬ ላይ ቆሜ ነው ያቺን ትንሽ ተራራ በምን ዐይን ያያት እንደነበር የገባኝ፤ በዚያ ሰዓት አጠገቤ እንዲቆምልኝ ምን የማልሰጠው ነበር።

መፍቻ ተገኘ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ፀሐይ አዘንብላለች፤ አያ ፈንቴ የላኩት ጎረቤት ሻንጣዬን በቅሎ ላይ ጭኖ መንገድ ገባን። ብርዱ አጥንት ይፈልጋል። ቤቱ ከርቀት ሲታይ፣ ሰውየው "በይ እንግዲህ ጋቢሽን አዘቅዝቀሽ ልበሽ" አለኝ። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ጩኸት ሰማሁ።

የአያ ፈንቴ ሚስት እትዬ ጥሩ ከደጅ ወጥተው "ወንድሜ! ማለደ ወንድሜ!" እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። ጎረቤት ተሰብስቧል። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ መርዶውም ያኔውኑ ደርሷቸዋል። ግን ከሬሳው ዘንድ የመጣ ሰው ገና ዛሬ ነው የሚያዩት፤ ለእነሱ ለቅሶው ዛሬ ነው። አያ ፈንቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ ሐዋሳ ላይ እንግዳ ሳስተናግድ፣ ድንኳን ስከራይ፣ አንድም ቀን አምርሬ አላለቀስኩም ነበር። እዚያ ደጅ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መሀል፣ ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩ።

ከዚያ እትዬ ጥሩ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ "በሉ ይበቃል። እህል ቀምሰሻል?" አሉ። ገንፎ ከነቅቤው ቀረበ። እንቅልፍ እስኪጥለኝ "አሟሟቱ ሸጋ ነበር? ውኃ አጥጥታችሁታል?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

አራተኛው ቀን

ማልጄ ተነሥቼ፣ "አያ፣ ዛሬ ትወቃላችሁ?" አልኩ። አያ ፈንቴ እንደ አረማዊ አዩኝ።

"ዛሬ እኮ ሥላሴ ነው!"

በዓሉን ረስቼው ነው የመጣሁት። የእኛ ትምህርት ቤት ካላንደር ላይ የሌለ በዓል እዚህ በሬ ያስቆማል። ክምሩ ከደጅ ባለው አውድማ ላይ ቆሟል፤ የሌላው ሰው ክምር ሁሉ አልቆ የእሳቸው ብቻ ቀርቷል። እሱን ሳይ፣ "እንግዲያው ዘፈኑን እዚሁ ቤት ዝፈኑልኝ" አልኳቸው።

"እዚህ? ተቀምጬ?" አሉ። "አይ ልጄ፣ በባዶው ይከብዳል። ነገ ይሁን።"

ቀኑን እንግዳ ሆኜ ዋልኩ። አንዱ ጎረቤት ጠላ፣ ሌላዋ የገብስ ቆሎ፣ ሌላዋ እርጎ ይዛ ትመጣለች። ባዶ እጁን የመጣ የለም። ሐዋሳ ግቢያችን ውስጥ ስድስት ተከራይ አለን፤ የሁሉንም የሙዚቃ ምርጫ አውቃለሁ፣ የማንንም ሌማት አላውቅም። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ይህን ሳስብ ጥጃ መጥታ ሻርፔን ከትከሻዬ ጎትታ ግማሹን በላችው። እትዬ ጥሩ "የሚጥማት ነገር አገኘች" ብለው አረፉት።

ሴት ለሴት ስንቀር ድፍረት አገኘሁ። "እትዬ፣ አባቴ ከመሄዱ በፊት… የሚወዳት ነበረች?"

"ምነው? ማን ምን አለሽ?"

"እናቴ ናት የምትጠይቀው።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። "ኸረ እሱስ! ሴት ፊት ሲቆም ላብ ነበር የሚያጠምቀው። እናትሽን እንዴት አፍ አውጥቶ እንደጠየቃት ነው እኛን የሚገርመን።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ዓይን አፋር ሰው ስም ቢውጥ ምን ይገርማል ብዬ የባሰ ተጨነቅሁ። ስልኬም ኮሶዬ ላይ ባደረግሁት ቀረጻ ደክሞ ጠፋ፤ ቤቱ መብራት የለውም። ነገ የምሰማውን በጆሮዬ ብቻ ነው የምወስደው ማለት ነው።

አምስተኛው ቀን

ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ በሬዎቹ መጡ። የአያ ፈንቴ ሁለት ናቸው፤ ሌሎቹን ጎረቤቶች በወንፈል ነድተዋቸው መጥተዋል። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል። ነዶውን በተኑትና በሬዎቹን ጎን ለጎን አሰልፈው ማዞር ጀመሩ። አያ ፈንቴ ጅራፍ ይዘው ከኋላ። ባለ በሬዎቹ ዳር ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም።

ፀሐይ ትንሽ ሞቅ ስትል አያ ፈንቴ ድምፃቸውን ለቀቁት።

ያ ነው። የአባቴ ድምፅ ራሱ፤ ትንሽ የጎረነነ። "ፀሐይ ብትከርር፣ ቀኑ ቢረዝም።" ጋቢዬን አፌ ላይ ጠመጠምኩ። "አንድ ስም አለልኝ፣ ድካም አላውቅም።" "ልጥራው ያንን ስም፣ ልጥራው…" አባቴ ጉሮሮውን የሚጠርግበት ቦታ ደረሱ፤ አያ ፈንቴ ግን አላቆሙም። እጃቸውን ፊት ለፊታቸው በሚሄደው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ባለው በሬ ጀርባ ላይ ጣል አድርገው፣

ቦራ ነው ስሙ፣ ግንባረ ጨረቃ፣
ክምሩ ሳያልቅ ሥራው የማያበቃ!

ሰው ሁሉ "እሰይ!" አለ። ቦራ ጆሮውን አነሣ፤ እምላለሁ፣ እርምጃውን አረዘመ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው፤ ልጥራው ያንን ስም፣ ዳልቻ። እንደገና፤ ጉራቻ። አንዱ ባለ በሬ ከዳር ጮኸ፤ "አያ ፈንቴ! ምነው የኔ በሬ እንግዳ ነው? ሲዞር አልዋለም?" ተሳሳቁ፤ የእሱም በሬ ተጠራ፤ ሰውየው ደረቱን ነፋ አድርጎ ቆመ። ባለ በሬዎቹ የሚጠብቁት ይህን ነበር።

እኔ ግን የምይዘው አጣሁ። የሺመቤት የለችም። ሴት የለችም። ዘፈኑ ላይ የተጻፈ ስም ራሱ የለም።

ምሳ ሲቀርብ ገለባው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "አያ፣ አባቴ ስሙ ጋ ሲደርስ ዝም ይል ነበር። ሁልጊዜ። እናቴ የደበቀው ነገር አለ ብላ…"

አያ ፈንቴ የጎረሱትን ዋጡ።

"ታዲያ ማንን ይጥራ? እዚያ አገር በሬ አለው?"

"የለውም።"

"ፊትሽ የቆመውን ነው የምትጠሪው ልጄ። የሌለ አይጠራም። አባትሽ ወይኖ የሚባል በሬ ነበረው፤ ቀይ፣ እንደ ጠጅ የሚያበራ። ወይኖ ገደል ገባበት። በአንድ በሬ ይታረሳል? ይኸውልሽ፣ ክረምቱ ሳይገባ ወጣ፤ ተመልሶ በሬ እገዛለሁ ብሎ ነበር የወጣው።" አውድማውን አዩ። "ዘፈኑን ይዞት ሄዶ ኖሯል፤ እኔስ የረሳው ይመስለኝ ነበር።"

አለቀስኩ፤ በዚህ ጊዜ ድምፅ አልነበረውም። ያ ሁሉ ዓመት፣ የውኃውን ጎማ እንደያዘ፣ በየአበባው መደብ መሀል ፊቱን ቀና አድርጎ የሚጠራው ፈልጎ አጥቶ ነበር ዝም የሚለው። እኛ አበባው እንዳይረግፍ የሚጠነቀቅ ይመስለን ነበር።

"አንድ ጊዜ ብቻ ወይኖን ጥሩልኝ" አልኳቸው።

ወደ በሬዎቹ በአገጫቸው ጠቆሙ። "የለማ፣ ልጄ። የሌለውን ብጠራው እነዚህ ምን ይሉኛል?"

ከምሳ በኋላ ግን ጅራፉን ለኔ ሰጡኝ። በጋቢና በጎንደር ብርድ ተጠቅልዬ ከበሬዎቹ ኋላ ዞርኩ፤ እሳቸው ዘፈኑ፣ እኔ ተከተልኩ፣ ቦራን ስንጠራ ድምፄን አወጣሁ። ገለባው ካልሲዬ ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ነው። ማታ እትዬ ጥሩ ክምሩ ለምን እስካሁን እንደቆየ ነገሩኝ፤ "እህሉ ተወቅቶ ሳያልቅ ድረሽ" ካሉኝ ቀን ጀምሮ አያ ፈንቴ ማንንም አላስነኩትም ነበር።

መመለሻ

ስመለስ ሰው ሁሉ ለጥምቀት ወደ ጎንደር ይገባል። ነጭ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ይመጣል፤ እኔ አዘዞ ልሳፈር ተቃራኒውን እሄዳለሁ። ብርቱካን "ሁለት ቀን ብትቆይ ምን አለበት?" ብላ ተቆጣችኝ። ፈቃዴ አልቋል። ጋቢውን ልመልስ ስል ባሏ "ተይው፣ እዚያም ይበርድሻል" አለኝ። ሐዋሳ እንደማይበርድ ያውቃል።

እናቴ በረንዳው ላይ ሽንኩርቷን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። አልሳመችኝም መጀመሪያ።

"ስሟ ማነው?"

"ወይኖ።"

"ወይኖ?" ቢላዋውን አስቀመጠች። "እዚያ አገር የሴት ስም ነው?"

"በሬ ነው፣ እማዬ። አባዬ የነበረው በሬ።"

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪፈስ። "ለበሬ ነው እንዴ ዕድሜዬን ሙሉ የቀናሁት!" እያለች ጉልበቷን ትመታለች። ሳቋ ሲበርድ አያ ፈንቴ ያሉኝን ነገርኳት፤ ፊት ለፊትህ የቆመው ብቻ እንደሚጠራ፣ የሌለ እንደማይጠራ፣ አባቴ ዝም የሚለው ፊቱ የሚጠራው ስላጣ እንደነበር።

ሽንኩርቷን አነሣች። ከፊት ለፊቷ የአባቴ መቀመጫ፣ ያ ዱካው፣ ባዶውን ተቀምጧል፤ ከሞተ ወዲህ ማንም እንዲቀመጥበት አትፈቅድም። ልጣጩን እየጣለች፣ በይርጋለም አነጋገሯ፣ በሕይወቷ አንድም ቀን ስትዘፍነው ያልሰማሁትን ዘፈን ጀመረች። ፀሐይ ብትከርር፣ ቀኑ ቢረዝም። ዜማው ትንሽ ተሳስቶባታል። አላረምኳትም።

"ልጥራው ያንን ስም፣ ልጥራው…"

ቀና ብላ ዱካውን አየች።

"ማለደ" አለች። ጉሮሮዋን አልጠረገችም።